ዲያሎ ቴሊ፦ አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ሠርቶ፣ አገሩ ሲገባ በረሃብና በውኃ ጥም የተገደለው ዋና ጸሐፊ

የሊደታው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በታክሲ የምንመላለስ ሰዎች በየቀኑ በአፍሪካ ኅብረት በር እናልፋለን። የኃይለ ሥላሴን ስም እናነሳለን፣ የንክሩማን ስም እናነሳለን። ከኅብረቱ በፊት የነበረውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከ1964 እስከ 1972 በዋና ጸሐፊነት የመራውን ሰው ስም ግን ከአሥር ሰው አንዱ አያውቀውም። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ አላውቀውም ነበር። ካነበብኩ በኋላ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው። (ቀኖቹም ዓመተ ምሕረቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቡባካር ዲያሎ ቴሊ በ1925 በጊኒ፣ ፉታ ጃሎን በሚባለው ደጋ አገር፣ ፖሬዳካ በምትባል መንደር ተወለደ። ወገኑ ፉላኒ ነው፤ ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል። ፈረንሳዮች ለመላው ምዕራብ አፍሪካ በከፈቱት በታወቀው የዊልያም ፖንቲ ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያ ፓሪስ ሄዶ ሕግ አጠና፤ የቅኝ ግዛት አስተዳዳሪዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤትም ገባ። በሴኔጋል ቲየስ ከተማ፣ ቀጥሎም በዳሆሜ (በዛሬዋ ቤኒን) በሕግ ሥራ አገለገለ። ከ1957 ጀምሮ የፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ታላቁ ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ ሆኖ ዳካር ተቀመጠ። ስምንት ግዛቶች የሚወከሉበት ምክር ቤት ነበር። አንድ አፍሪካዊ በዚያ አስተዳደር ውስጥ ከዚህ ብዙም ከፍ ሊል አይችልም ነበር።

ከዚያ መስከረም 28 ቀን 1958 መጣ። የፈረንሳዩ መሪ ደጎል ለቅኝ ግዛቶቹ «ከእኛ ጋር ትቆያላችሁ ወይስ ትሄዳላችሁ?» የሚል ሕዝበ ውሳኔ አቀረበ። ከሁሉም መካከል ጊኒ ብቻ ከ95 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ «አንቆይም» አለች። ፈረንሳዮች በብስጭት ሠራተኞቻቸውንና የቢሮ ዕቃቸውን ሳይቀር ጭነው ወጡ። ጊኒ በጥቅምት ወር ነጻ ወጣች፤ የተማረ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ቴሊ የዳካሩን ወንበር ትቶ ለአዲሲቱ አገር አገልግሎት ገባ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1958 ጊኒ የተባበሩት መንግሥታት አባል ስትሆን (ፈረንሳይ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋ ነበር) አምባሳደሯ የ33 ዓመቱ ዲያሎ ቴሊ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የዋሽንግተኑን ኤምባሲ ደርቦ ያዘ። በ1963 አፓርታይድን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ኮሚቴ ሲቋቋም የመጀመሪያው ሊቀመንበር እሱ ነበር።

ሐምሌ 1964 ካይሮ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ዋና ጸሐፊ አድርገው መረጡት፤ አዲስ አበባም የድርጅቱ ቋሚ መቀመጫ እንድትሆን የተወሰነው እዚያው ጉባኤ ላይ ነው። በ1968 አልጀርስ ላይ ደግመው መረጡት። በ1972 ራባት ላይ ተሸነፈና ካሜሩናዊው ንዞ ኤካንጋኪ ተተካ። ቴሊ ወደ ጊኒ ዋና ከተማ ኮናክሪ ተመለሰ፤ ፕሬዚዳንቱ ሴኩ ቱሬ የፍትሕ ሚኒስትር አደረገው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 18 ቀን 1976፣ «የፉላኒ ሴራ» መሪ ነህ ተብሎ ታሰረ። ካምፕ ቦይሮ በሚባለው እስር ቤት አሠቃይተው የአሜሪካ ሰላይ ነኝ የሚል ቃል አስፈረሙት። በ1977 መጀመሪያ ላይ ከሌሎች አራት እስረኞች ጋር በየክፍላቸው ተዘጋባቸው። እህል የለም፣ ውኃ የለም። እስረኞቹ «ጥቁር ጾም» ይሉታል። እንደዚያ ሞተ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ስምንት ዓመት ያገለገለው ድርጅት «ሰውዬው የት ደረሰ?» ብሎ በይፋ አልጠየቀም። በመተዳደሪያ ቻርተሩ አንቀጽ 3 ላይ «በአባል አገሮች የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባት» ተጽፏል። ቴሊ ያንን ቻርተር ስምንት ዓመት ሲጠብቅ ኖረ፤ በመጨረሻ ያው አንቀጽ አፍ ሁሉ አዘጋበት።

ሰላም_ሜሪላንድ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ እያነበብኩ አለቀስኩ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እንዲህ ዓለምን ያየ ሰው ለምን ተመለሰ? ኒውዮርክ ኖሯል፣ ዋሽንግተን ኖሯል፣ ፓሪስን ያውቃል። የሚቀጥረው ያጣል? እኛ እዚህ ያለነው በስንት ጭንቅ ነው ወደ አገር የምንሄደው፤ ያውም ማንም ሳያስፈራራን።

የሊደታው፦

@ሰላም_ሜሪላንድ እህቴ፣ ጥያቄሽ የብዙዎች ጥያቄ ነው። ወዳጆቹ አትሂድ ብለው መክረውታል። የሚያስፈራ ነገር ደግሞ በዓይኑ እያየ ነበር። በኅዳር 1970 ከፖርቱጋል ጋር ያበሩ ኃይሎች በባሕር መጥተው ኮናክሪን ወረሩ። ወረራው ከሸፈ፤ ሴኩ ቱሬ ግን በሰበቡ የራሱን ሰዎች መልቀም ጀመረ። በጥር 1971 የቀድሞ ሚኒስትሮችን ኮናክሪ መሐል ድልድይ ላይ ሰቀላቸው። ቴሊ ያን ጊዜ እዚህ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ አልሰማም ማለት አይቻልም።

እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። ቴሊ ያደገው በመንግሥት ሥራ ነው። ሥራው ሲያልቅ ወደ ላከው መንግሥት መመለስ ለእሱ ግዴታ ነበር። ሁለተኛ ደግሞ ቢቀር «ከሃዲ» ይባላል፤ ቤተሰብና ዘመድ አለው። ሦስተኛ፣ ሴኩ ቱሬን ያውቀዋል፤ በ1958 አብረው የጀመሩት ነገር አለ። ያንን የጀመሩትን ነገር ሙሉ በሙሉ መጣል አልቻለም ብዬ አስባለሁ።

አቤል77፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ሰውዬውን ታቦት አናድርገው። የፍትሕ ሚኒስትር ነበር! ከ1972 እስከ 1976 ሰው ያለ ፍርድ በሚታጎርበት አገር የፍትሕ ሚኒስትር። ካምፕ ቦይሮ እሱ ሚኒስትር ሆኖ ሳለም በእስረኛ የተሞላ ነበር። በተባበሩት መንግሥታት ስለ ደቡብ አፍሪካ እስረኞች ሲናገር የነበረ አንደበት ስለ ኮናክሪ እስረኞች ምን አለ? ራሱ እስኪገባ ድረስ ዝም ያለ ሰው ነው። እናቶቻቸው በር ላይ የቆሙ የሌሎቹ እስረኞች ስምስ? ለእነሱ ክር የሚከፍት ማን ነው?

በዋና ጸሐፊነቱም ቢሆን መሪዎቹ የከሰሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ከተሰጠው ሥልጣን እያለፈ መግለጫ ይሰጥ ነበር፤ የጊኒን መሥመር በድርጅቱ ስም ያራምዳል ተብሎ ተወቅሷል።

መምህር ታ፦

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ከእውነቱ ግማሽ ግማሽ ይዛችኋል። ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ትንሽ ላክልበት።

በመጀመሪያ ከቴሊ በፊት ወንበሩ ላይ የነበሩት የእኛው አቶ ክፍሌ ወዳጆ እንደሆኑ ይታወቅ። ድርጅቱ በግንቦት 1963 ሲመሠረት 32 አገሮች ነበሩ። ጽሕፈት ቤት የለ፣ ሠራተኛ የለ። የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በጊዜያዊነት አደራውን ተቀብሎ አቶ ክፍሌ ጊዜያዊ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ የፖሊስ ኮሌጅ የነበረውን ሕንጻ ሰጡ። ቴሊ የተረከቡት ይህንን ነው።

አቤል ላነሳው ነገር፦ ቻርተሩ ዋና ጸሐፊ ብቻ አይላቸውም፤ «አስተዳደራዊ ዋና ጸሐፊ» ነው የሚላቸው። ያቺ አንዲት ቃል የገባችው ታስቦባት ነው። መሪዎቹ የፈለጉት ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ስብሰባ የሚጠራ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ነበር። ቴሊ ደግሞ ኒውዮርክ ተቀምጠው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ እንዴት እንደሚሠራ ያዩ ሰው ናቸው። ለሌላ ሥራ መጥተው የጸሐፊ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጠቡ የመጣው ከዚያ ነው። መዋጮ የማይከፍሉ አገሮች፣ የማይፈጸሙ ውሳኔዎች… ደቡብ ሮዴዥያን (የዛሬዋን ዚምባብዌ) ነጮቹ በኅዳር 1965 በራሳቸው ነጻ ነን ሲሉ፣ ሚኒስትሮቹ እዚህ አዲስ አበባ ተሰብስበው «ብሪታንያ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ እርምጃ ካልወሰደች ሁላችንም ግንኙነት እናቋርጣለን» ብለው ወሰኑ። ቀኑ ሲደርስ ያቋረጡት ጥቂቶች ናቸው። ውሳኔውን ያወጡት አገሮች ራሳቸው ከኋላቸው ሲሸሹ አንድ ጸሐፊ ምን ያደርጋል?

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የ1966ቱ ነው። በጋና ንክሩማ በየካቲት ከሥልጣን ወርደው ሴኩ ቱሬ ኮናክሪ ላይ አስጠግተዋቸዋል። በጥቅምት መጨረሻ የጊኒው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቤያቮጊ ከልዑካናቸው ጋር ለድርጅቱ ስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ አውሮፕላኑ አክራ ላይ አረፈ፤ የጋና ወታደሮች ገብተው ሁሉንም ከአውሮፕላን አወረዷቸውና አሰሯቸው። ሴኩ ቱሬ በቁጣ ኮናክሪ ያለውን የአሜሪካ አምባሳደር ቤቱ ውስጥ አስቀመጡት፤ አውሮፕላኑ የአሜሪካ ኩባንያ ነውና። እስቲ ቴሊን አስቧቸው። የገዛ አገራቸው ሚኒስትር የታሰሩት እሳቸው ራሳቸው ወደጠሩት ስብሰባ ሲመጡ ነው። ወደ ጊኒ ካዘነበሉ አድሏዊ ይባላሉ፤ ዝም ካሉ ኮናክሪ ላይ ይመዘገብባቸዋል። ንጉሠ ነገሥቱና ሌሎች መሪዎች አማልደው ልዑካኑ በሳምንት ውስጥ ተለቀቁ። ጥርጣሬው ግን የተለቀቀ አይመስለኝም።

የሊደታው፦

መምህር፣ እጅግ አመሰግናለሁ፤ የአክራውን ነገር እንዲህ አድርጌ አላየሁትም ነበር።

@አቤል77 የፍትሕ ሚኒስትርነቱን አልክድም፤ አልደብቅምም። ግን የካምፕ ቦይሮ ቁልፍ በማን እጅ እንደነበረ እንይ። መርማሪውን «አብዮታዊ ኮሚቴ» የሚመራው የፕሬዚዳንቱ ወንድም ኢስማኤል ቱሬ ነው። የካምፑ አዛዥ ሲያካ ቱሬ የዚያው ቤተሰብ ሰው ነው። የፍትሕ ሚኒስቴር የሚባለው ከዚያ በር ውጭ ነው የሚቀረው። ይህን የምለው ነጻ ላወጣው አይደለም፤ ፊርማውን አኑሯል፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ግን አሳሪ ነበር ማለትና አሳሪዎቹ መሐል ተቀምጦ ነበር ማለት ለእኔ አንድ አይደሉም።

ስለሌሎቹ ስም ያልከው ግን ነካኝ። ልክ ነህ። አንዱን እኔው ልጥቀስ፦ አሽካር ማሮፍ። ከቴሊ ቀጥሎ በተባበሩት መንግሥታት የጊኒ አምባሳደር የሆነ፣ ከቴሊ ቀጥሎም የዚያው የፀረ አፓርታይድ ኮሚቴ ሊቀመንበር። በ1968 ወደ አገር ጠሩት፣ አሰሩት፣ በጥር 1971 ገደሉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የፀረ አፓርታይድ ኮሚቴ ሊቀመናብርት፣ ሁለቱም ጊኒያውያን፣ ሁለቱም በአንድ መንግሥት እጅ ሞቱ። ቴሊ ሲመለስ የማሮፍን መንገድ ነው የተከተለው።

አቤል77፦

ስለ ማሮፍ አላውቅም ነበር። እቀበላለሁ። አሁንም ግን አንድ ሰው «መንግሥቴ ነው» ብሎ የማይጨርሰው መንገድ አለ ብዬ አምናለሁ። አጎቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እያወቀ ሲፈርም ኖሮ መጨረሻ ላይ እሱንም ፈረሙበት። ቤተሰባችን እስከ ዛሬ ያዝንለታል፤ እኔም አዝናለሁ፤ ግን የፈረመባቸውን ሰዎች ልጆች ዓይን ማየት አልችልም። ለዚህ ነው ስሜታዊ የሆንኩት።

የማባዣው ልጅ፦

ይህን ክር ሌሊቱን ሙሉ ደጋግሜ አነበብኩት። አባቴ በድርጅቱ ጽሕፈት ቤት የማባዣ ክፍል ሠራተኛ ነበር። ስቴንስል ተጽፎ ይመጣለታል፣ እሱ ያባዛል፣ ይደርባል፣ ይሰፋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲቃረብ ቤት አይመጣም ነበር፤ እናቴ ምሳውን በእኔ ትልክለት ነበር። እጁ ሁሌም ቀለም ነው። እንግሊዝኛውን ትንሽ ያነባል፣ ፈረንሳይኛውን ግን በፊደሉ ቅርጽ ብቻ ነበር የሚለየው።

ዋና ጸሐፊውን ከሩቅ ከማየት በቀር አያውቀውም፤ አውቀው ነበር ብሎ አውርቶም አያውቅም። ስሙን ሲጠራ ግን «ሙሴ ቴሊ» ነበር የሚለው፤ እንደ ፈረንሳዮቹ «አቶ» ማለቱ ነው። ያንን አስታውሳለሁ፤ ልጅ ሆኜ ነቢዩ ሙሴ ይመስለኝ ነበር።

የሊደታው «ድርጅቱ አልጠየቀም» ያልከውን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። ወሬው ሠራተኛው ዘንድ ሲደርስ እኛ ቤት ለሌላ ሰው የሚተርፍ እንባ አልነበረም። በዚያው ዓመት ታላቅ ወንድሜ ለዳቦ ወጥቶ አልተመለሰም። 1969 ዓ.ም በእኛ። አዲስ አበባ ራሷ በየማለዳው የመንገድ ዳር ሬሳ እየለየች ነበር። ኮናክሪ ስለሞተ ሰው ማን ይጮኻል? አባቴ የማባዣ ወረቀት ይዞ ቢወጣ ምን ይሆን እንደነበር ታውቃላችሁ። መሪዎቹን አልከላከልም። እኔ የምናገረው ስለ ሠራተኛው ነው።

ሰላም_ሜሪላንድ፦

@የማባዣው ልጅ እግዚአብሔር ወንድምህን ነፍስ ይማር፣ አባትህንም። ምን እንደምል አላውቅም።

መምህር ታ፦

ልጄ፣ ነፍስ ይማር። ያልከው እውነት ነው፤ እኔም በዚያ ዓመት ተማሪዎቼን ስም ስጠራ መልስ የማይሰጡኝ ወንበሮች ነበሩ።

ቦታውንም አስቡት። የድርጅቱ ግቢ ከከርቸሌ ጋር አጥር ለአጥር ነበር፤ ከዓለም በቃኝ ጋር። ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ በምሥረታው ጊዜ መንግሥቱን ይመሩ የነበሩት፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ሌሊት የተረሸኑት እዚያ ነው። አገር ላገር ዞረው መሪዎቹን ያሰባሰቡት ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቶ ከተማ ይፍሩ ለዓመታት ታስረዋል። አቶ ክፍሌ ወዳጆ የደርግ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሠርተው፣ ቴሊ በሞቱበት ዓመት ተሰደዱ። በኋላ ተመልሰው የሕገ መንግሥት ኮሚሽኑን መርተዋል። እሳቸው ከአገራቸው ወጡ፣ ቴሊ ወደ አገራቸው ገቡ፤ ዕድል ማለት እንዲህ ናት። እስር ቤቱ ፈርሶ የዛሬው የኅብረቱ ረጅም ሕንጻ በ2012 የተመረቀው በዚያ መሬት ላይ ነው።

ናይል_እና_ኒጀር፦

ዘግይቼ መጣሁ። አንድ ንጽጽር ልጨምር፤ ከቴሊ በኋላ የመጣ ሌላ የምዕራብ አፍሪካ ሰው፣ የቶጎው ኤደም ኮጆ። ከ1978 እስከ 1983 ዋና ጸሐፊ ነበር። እሱም እንደ ቴሊ ፓሪስ የተማረ፣ የገንዘብ ሚኒስትር፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። እሱም እንደ ቴሊ «ጸሐፊ ብቻ» መሆን አልፈለገም። በየካቲት 1982 እዚሁ አዲስ አበባ ሞሮኮ የእኔ ነው የምትለውን የምዕራብ ሰሃራን ሪፐብሊክ አባል አድርጎ አስገባ። ሞሮኮና ብዙ አገሮች ጥለው ወጡ፣ የትሪፖሊው ጉባኤ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ሳይሳካ ቀረ። ድርጅቱ ሊፈርስ ነበር።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ኮጆ ወንበሩን ሲለቅ በቀጥታ ወደ ቶጎው መሪ ኤያዴማ አልሄደም። ፈረንሳይ ተቀመጠ፣ አስተማረ፣ ጻፈ። ቶጎ የገባው በ1991 የፖለቲካው በር ሲከፈት ነው። ከዚያ ፓርቲ አቋቁሞ ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1994 ከአባቱ ከኤያዴማ ጋር፣ በ2005 ከኤያዴማ ልጅ ጋር። በ2016 የአፍሪካ ኅብረት ኮንጎ ኪንሻሳ ላይ አሸማጋይ አድርጎ ላከው። በ81 ዓመቱ፣ ሚያዝያ 2020፣ ፓሪስ አካባቢ አልጋው ላይ ዐረፈ። የቶጎ ተቃዋሚዎች ከኤያዴማ ጋር መሥራቱን ይቅር አላሉትም፤ ሰው ግን አልገደለውም።

የሊደታው ስለ አንቀጽ 3 ላነሳኸው፦ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር በ1981 ናይሮቢ ላይ የጸደቀው በኮጆ ዘመን ነው። በ2000 ሎሜ ላይ የተፈረመው የኅብረቱ መመሥረቻ ሰነድ ደግሞ በአንቀጽ 4 የዘር ማጥፋትና የመሳሰለው ከባድ ወንጀል ሲፈጸም ኅብረቱ ጣልቃ የመግባት መብት አለው ይላል። ለቴሊ ዘግይቷል።

አቤል77፦

በወረቀት አለ። ከ2000 ወዲህ በወረቀቱ ስንት ጊዜ ተጠቀሙበት?

ናይል_እና_ኒጀር፦

በዚያ አንቀጽ ጠርቶ መንግሥት ሳይፈቅድ ጦር የገባበት ጊዜ የለም። አንተ ያልከው ነው።

የሊደታው፦

ሌላው እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ይኸው። ቴሊ ከሞተ በኋላ ሴኩ ቱሬ በአፍሪካ መሪዎች ዘንድ «ታላቅ ወንድም» ሆኖ ነው የኖረው። የ1984ቱ የድርጅቱ ጉባኤ የሚደረገው ኮናክሪ ነበር። አስተናጋጁ ደግሞ የድርጅቱን የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ በጥም የገደለው ሰው ነው፤ መሪዎቹም ለመሄድ ተዘጋጅተው ነበር። መጋቢት 26 ቀን 1984 ሴኩ ቱሬ ክሊቭላንድ፣ አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። በሳምንቱ ወታደሮች ሥልጣን ያዙና የካምፕ ቦይሮን በር ከፈቱ። ጉባኤው ወደ አዲስ አበባ ዞሮ በኅዳር ተደረገ። ኢስማኤል ቱሬና ሲያካ ቱሬም በተራቸው በ1985 ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ የቴሊ ቤተሰብ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚጠይቃቸው ሰዎች እንኳ አልቀሩለትም።

ሰላም_ሜሪላንድ፦

ካዛንችስ ጊኒ ኮናክሪ የሚባል መንገድ አለን አይደል? ስንት ጊዜ በዚያ አልፌያለሁ። የዲያሎ ቴሊ መንገድ ቢኖረን ምን አለበት? ድርጅቱ ባይጠይቅም ከተማዋ ትጥራው። ስምንት ዓመት ውኃዋን ጠጥቷል።

የማባዣው ልጅ፦

እኔም ድምፄን እሰጣለሁ።

መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አባቴ ካይሮ ላይ ሲመረጥ አዲስ ዘመን ፎቶውን አውጥቶ ነበር ይል ነበር። የት ላገኘው እችላለሁ?

መምህር ታ፦

ወመዘክር ሂድ ልጄ። ምርጫው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 14 ቀን 1956 ዓ.ም ነው የሚውለው፤ የዚያን ሳምንት ዕትሞች ጠይቅ። ጋዜጦቹ በጥራዝ የታሰሩ ናቸው፤ ወረቀቱ ስለሚሰባበር ቀስ አድርገህ ግለጥ። መታወቂያ ያዝ።

የማባዣው ልጅ፦

ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ፎቶውን ካገኘሁ አንስቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።